የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናን ደጋግሞ ስለመውሰድ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ወላጆች ዘንድ፣ ልጆቻችን ኤምካት (MCAT) ለተባለው የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ሲዘጋጁ፣ ሁለት ተቃራኒ ምክሮች ከቡና ወደ ቡና፣ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ወደ ለቅሶ ቤት ሲዛወሩ እሰማለሁ። አንደኛው «ኤምካትን ሁለተኛ የወሰደ ልጅ አበቃለት፤ ማንም አይቀበለውም» የሚል ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ «ምን ቸገረው፣ እስኪሳካለት ይሞክር፤ የፊተኛው አይቆጠርም» የሚል ነው። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ሁለቱም ልጆችን ሲጎዱ፣ አንዱን በገዛ ቤቴ፣ ሌላውን በጎረቤቴ ቤት ስላየሁ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ኤምካት «አለፈ» ወይም «ወደቀ» የሚባልበት ፈተና አይደለም። ውጤቱ ከ472 እስከ 528 ባለው መለኪያ የሚሰጥ ሲሆን፣ አራቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ከ118 እስከ 132 ይይዛሉ። ፈተናውን የሚያዘጋጀው የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር አንድ ሰው በአንድ የፈተና ዓመት ከ3 ጊዜ፣ በሁለት ተከታታይ ዓመታት ከ4 ጊዜ፣ በዕድሜ ልኩ ደግሞ ከ7 ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥ ገደብ አድርጓል። ተመዝግቦ የቀረ ወይም ፈተናውን ጨርሶ ውጤቱ እንዲሰረዝለት የጠየቀ ተማሪም አንድ ዕድል እንደተጠቀመ ይቆጠርበታል። «የፊተኛው አይቆጠርም» የሚለው አባባልም እውነት አይደለም፤ ተማሪው በሚያመለክትበት ጊዜ ያገኛቸው ውጤቶች ሁሉ አብረው ስለሚላኩ፣ ደኅናውን አሳይቶ ዝቅተኛውን መሸሸግ አይችልም። አንዳንዱ ትምህርት ቤት የመጨረሻውን፣ አንዳንዱ ከፍተኛውን ውጤት ይወስዳል፤ አማካዩን የሚያዩም አሉ። የቅበላ ኮሚቴዎች ግን የመጀመሪያው ውጤት ከሁለተኛው ጋር ሲተያይ ስለ ተማሪው ምን እንደሚናገር ማየታቸው አይቀርም።

ልጄ መጀመሪያ የተፈተነችው የኮሌጅ ሦስተኛ ዓመቷን ሳትጨርስ፣ ቅዳሜና እሑድ እየሠራች ነበር። «ጓደኞችሽ ወስደዋል፣ አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ?» ብዬ ያቻኮልኳት እኔ ነኝ። ውጤቱ የወጣ ዕለት ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ ማዕድ ቤት ተቀምጣ አገኘኋት፤ ምንም ሳትል ስልኳን ወደ እኔ ገፋችው። 499 ይላል። ሦስቱ የሳይንስ ክፍሎች 125 እና 126 ሲሆኑ፣ የንባብ ክፍሉ 122 ነበር። ይህ ክፍል በ90 ደቂቃ 9 ጽሑፎች ተነበው 53 ጥያቄዎች የሚመለሱበት፣ የሳይንስ ሽምደዳ ጨርሶ የማያግዝበት ነው። እርሷ ግን ወራቱን በሙሉ ያጠናችው ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ፈተናው አጠገብ አልደረሰችም። በየማለዳው ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ስለ ታሪክ፣ ስለ ፍልስፍናና ስለ ኪነ ጥበብ የተጻፉ ጽሑፎችን ታነብና የተሳሳተቻቸውን ጥያቄዎች በአንድ ደብተር ላይ ትመዘግብ ነበር። ገጹን በማስመሪያ ለሦስት ከፍላ፣ የመለሰችውን፣ ትክክለኛውን መልስና የተሳሳተችበትን ምክንያት ትጽፍበታለች። በመጀመሪያዎቹ ገጾች «ቸኮልኩ» የሚለው ቃል ተደጋግሞ ይታያል፤ ወደ መጨረሻው ግን እየሳሳ ሄዷል። ሁለተኛው ውጤቷ 508 ሆነ። በማኅበሩ መረጃ መሠረት ፈተናውን የሚደግም ተማሪ በተለምዶ የሚጨምረው 2 ወይም 3 ነጥብ ብቻ ስለሆነ፣ የልጄን 9 ነጥብ ማንም እንደ ደንብ እንዲወስደው አልፈልግም። አንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ባደረገላት ቃለ መጠይቅ ላይ «በሁለቱ ፈተናዎች መካከል ምን ለወጥሽ?» ተብላ ስትጠየቅ ስለዚያ ደብተር ተናገረች፤ ያ ትምህርት ቤትም ተቀበላት። ሁለቴ መፈተኗ አልተደበቀም፤ ግን አላስቀራትም።

የጎረቤቴ ልጅ ከእርሷ የሚያንስ ጭንቅላት የለውም። እርሱ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ በጃንዋሪ፣ በሜይና በኦገስት መጨረሻ ተፈትኖ 497፣ 498 እና 496 አገኘ። በመካከሉ የነበሩት ወራት በውጤት ጥበቃና በጭንቀት ስላለፉ፣ የአጠናን ስልቱን የሚለውጥበት ፋታ አላገኘም። ጉዳቱ በውጤቱ ብቻ አላበቃም። አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማመልከቻዎችን በቀረቡበት ቅደም ተከተል እያዩ የቃለ መጠይቅ ቦታቸውን የሚሞሉ በመሆናቸው፣ ተማሪው ገና የሚጠብቀው ፈተና እንዳለ ሲገልጽ ፋይሉ ያ ውጤት እስኪደርስ ሊቆይ ይችላል። የኦገስቱ ውጤት የወጣው በሴፕቴምበር መጨረሻ ስለነበር፣ ማመልከቻው መታየት በሚጀምርበት ጊዜ ቀድመው የገቡት ቃለ መጠይቅ እየተጠሩ ነበር። በሁለት ዓመት 4 ጊዜ በሚለው ገደብ መሠረትም በመጪው ዓመት የቀረው ዕድል አንድ ብቻ ነው። አባቱ የመጀመሪያውን ውጤት የሰሙ ዕለት «ቶሎ ድገመው፣ ሰው ሳይሰማ» ማለታቸውን ራሳቸው ነግረውኛል። ልጁን ያጣደፈው ከፈተናው ይልቅ ይህ ይሉኝታችን ይመስለኛል።

እኔ የምለምነው፣ ልጆቻችን ማኅበሩ ራሱ ባዘጋጃቸው የመለማመጃ ፈተናዎች፣ ሰዓት ተይዞባቸው፣ የሚፈልጉትን ውጤት ደጋግመው ሳያገኙ ቀን እንዲያስይዙ አናስገድዳቸው። ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ቤተሰቦችም ማኅበሩ የፈተናውንና የማመልከቻውን ክፍያ የሚያቃልል የድጋፍ ፕሮግራም እንዳለው ይወቁ፤ ድጋፉ አስቀድሞ የተከፈለን ገንዘብ ስለማይመልስ ማመልከት የሚገባው ከመመዝገብ በፊት ነው። ጋዜጣችሁም በሕክምና ትምህርት ቤቶች ያሉ ወጣቶቻችን ስንት ጊዜ እንደተፈተኑና በመካከሉ ምን እንደለወጡ፣ ስማቸውን ሳይገልጹም ቢሆን፣ እንዲጽፉ አንድ ዓምድ ቢሰጣቸው ብዙ ቤተሰብ ከወሬ ይድናል።

የጎረቤቴ ልጅ የቀረውን ዕድል በጃንዋሪ ላለመጠቀምና እስከ ሜይ ለመቆየት ወስኗል። አባቱም ትናንት ማታ ደውለው፣ የልጄን ደብተር ለጥቂት ቀን እንድናውሳቸው ጠይቀውኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናትና ነርስ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ