ስሙ የማይነገር ዱቄት የአያቶቻችን መድኃኒት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ጀሞ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ከጠዋት እስከ ማታ በየስልካችን የሚዘዋወረው የ«ባህላዊ መድኃኒት» ማስታወቂያ ነው። በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ የታሸገ ዱቄት ይታያል፤ ስኳርን፣ ደም ግፊትን፣ ጨጓራን፣ መካንነትን፣ አንዳንዴም ካንሰርን ከሥሩ ይነቅላል ይባላል። ከምን ዕፅ እንደተሠራ ሲጠየቁ «የአባቶች ምስጢር ነው» ይላሉ። ጎረቤቶቼ ከጡረታ ገንዘባቸው ቆጥበው ይገዙታል። የደም ግፊት ኪኒናቸውን ትተው ይህንኑ የሚወስዱም አሉ።

ዕፅን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ያደግሁት መንዝ ነው። በደጃችን ጤና አዳም ነበረ፤ ጦስኙን ከየአፋፉ ለቅመን ለሳልም ለሻይም እናፈላው ነበር፤ ሆዳችንን ሲነፋን እናቴ ፌጦ ፈጭታ በሎሚ ትበጠብጥልን ነበር። ዛሬም በረንዳዬ ላይ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ጠጅ ሣርና በሶብላ አሉ። ዳማከሴ ቁጥቋጦ ስለሚሆን በቆርቆሮ ጣሳ አይሆንለትም፤ ሃያ ሊትር የሚይዝ የዘይት ጀሪካን አናቱን አስቆርጬ፣ ታቹን በጋለ ብረት አስበስቼ ነው የተከልኩት። ለጋ ቅርንጫፉን ከአንጓው በታች ቆርጦ እርጥብ አፈር ላይ መሰካት ብቻ ነው፤ ሥር ይሰዳል። ጤና አዳም ፀሐይ ይወዳል፤ ውኃ ሲበዛበት ግን ሥሩ ይበሰብሳልና አፈሩ አሸዋ ይፈልጋል። ጠጅ ሣሩን ከነሥሩ ገንጥሎ መትከል ይበቃል፤ ብዙም አያስቸግርም።

ቤት የበቀለ ዕፅ ትልቁ ጥቅሙ ማንነቱ መታወቁ ነው። ቅጠሉን በመልኩም በጠረኑም አውቀዋለሁ፣ ያጠጣሁትንም ውኃ አውቀዋለሁ። ከመንገድ ዳር የምንገዛው እስር በየትኛው ወንዝ ዳር እንደበቀለ አይታወቅም፤ የከተማችን ወንዞች ምን ተሸክመው እንደሚወርዱ ደግሞ ሁላችንም እናያለን። የታሸገው ዱቄትማ ቅጠሉም የለ፣ ሽታውም የለ።

ምች ሲመታን ዳማከሴ በመዳፋችን አሽተን እናሸታለን፣ ጭማቂውን በቡና እንጠጣለን፣ ጋቢ ተከናንበን እንተኛለን። የአገራችን ተመራማሪዎች የዳማከሴን ቅጠል በአይጦች ላይ ፈትሸው ትኩሳት የማብረድ ባሕርይ እንዳለው አሳይተዋል፤ እናቶቻችን ያለ ነገር አላመኑበትም ማለት ነው። ነገር ግን ከመተሐራ ወይም ከሌላ ወባማ ቆላ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ሲይዘው «ምች ነው» ብሎ በዳማከሴ ሁለት ሦስት ቀን ማሳለፍ ሕይወት ያስከፍላል። መጀመሪያ የደም ምርመራ ያድርግ። ዳማከሴው የትም አይሄድም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጤና አዳም ነው። ለጤነኛ ሰው ቡናው ላይ አንዲት ቅንጣቢ ጣል ማድረግ ሌላ ነው፤ እፍኝ ሙሉ ወቅጦ፣ ጨምቆ መጠጣት ሌላ ነው። ጤና አዳም ማሕፀንን ያኮማትራል። በሥራ ዘመኔ ደም እየፈሰሳቸው የመጡ ነፍሰ ጡሮችን ተቀብያለሁ፤ ከመካከላቸው ጭማቂውን ጠጥተው የነበሩ አሉ። ጽንሱን ሊያስወርዱ የፈለጉ አልነበሩም። ሆዳቸውን ቁርጠት ይዟቸው፣ በቤታቸው የሚታወቀውን ነገር ነው ያደረጉት። «ነፍሰ ጡር አትንካው» የሚለውን ግን ማንም አልነገራቸውም። አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር፤ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ ቅጠሉ ደርሶ ማስጠንቀቂያው መንገድ ላይ ቀረ። ለአራስ ሕፃን ሆድ ቁርጠት የጤና አዳም ውኃ የሚሰጡ እናቶችም አሁንም አሉ። እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናት ጡት ወተት በቀር ምንም አይሰጥም፤ ሕፃኑ ያለማቋረጥ ካለቀሰ ጤና ጣቢያ ይታይ። ደግሞ ቅጠሉን የምትከረክሙ ሰዎች እጃችሁን ታጠቡ፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል።

ኮሶም እንዲሁ ነው። ለልጅና ለአዋቂ የሚሰጠው ልክ የተለያየ ነበር፤ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም ነበር። መጠኑ ያለፈ ኮሶ የዓይን ብርሃን እስከ ማጥፋት እንደሚደርስ በሐኪሞች ተመዝግቧል። ምስጢር የሚይዙ የመድኃኒት አዋቂዎች እንደነበሩ አልክድም፤ እነሱ ግን የሚሰጡት በሽተኛውን ፊት ለፊት አይተው፣ ዕድሜውንና አቅሙን ጠይቀው ነው። በስልክ የሚሸጠው ሰው የገዢውን ፊት እንኳ አያውቀውም።

«ምስጢር» ለሚሉት ዶክተር አክሊሉ ለማን ላስታውሳቸው። በፈረንጆቹ 1964 አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ቁልቁል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሴቶቹ እንዶዳቸውን የሚወቅጡት በአደባባይ ነበር፤ ሳይንቲስቱም ያዩትን ይዘው የፍሬውን መጠንና ኃይል በቤተ ሙከራ ለዓመታት ፈተሹ፣ ለዓለም አሳወቁ። በፈረንጆቹ 1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። የአገር ዕውቀት የሚከበረው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ስሙ ሲነገር፣ ልኩ ሲታወቅ፣ ጉዳቱም ሳይደበቅ።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። በጤና ገጻችሁ ላይ በየእትሙ አንድ ዕፅ አውጡልን። የቅጠሉ ፎቶግራፍ ይኑር፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎቻችን ምን እንደሚባል ይጻፍ፤ እንዴት እንደሚተከል፣ ለምን እንደሚውል፣ ምን እንደተረጋገጠለትና ማን ሊወስደው እንደማይገባ ይብራራ። በተለይ የስኳር፣ የግፊትና የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ እንኳ እንደ መድኃኒት በብዛት ሲወሰዱ ከኪኒናቸው ጋር ሊጋጩ እንደሚችሉ ማወቅ አለባቸው። በወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ፤ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም እዚሁ ቅርባችን ነው፤ ጠይቋቸው። የመንደር አዋላጆችንና አረጋውያንንም አትርሱ፤ የሚያውቁትን በስማቸው ጻፉላቸው።

በመጀመሪያው እትም ጤና አዳም ይውጣ። የነፍሰ ጡሮቹን ማስጠንቀቂያ ግን ከታች በደቃቅ ፊደል አትጻፉት፤ ከርዕሱ ሥር በጉልህ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ አዋላጅ ነርስ
ከጀሞ፣ አዲስ አበባ