ሆዷ ገና ያልገፋውንም አስቧት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህቴ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። ታለቅሳለች። የ6 ሳምንት እርጉዝ ናት። ከባሏና ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። አብራት የምታስተምር መምህርት ተመርምራ ኮቪድ እንደተገኘባት የሰማችው ያን ቀን ከሰዓት ነው። ሁለቱ ምሳ የሚበሉት አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። «እትዬ፣ ልጄን ይጎዳብኝ ይሆን?» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ማንን ልጠይቅ? እርጉዝ ነኝ ብዬ ለማን ልናገር?»

ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ይሄ ሁለተኛው ጥያቄዋ ነው።

እኔም በዚሁ ጭንቀት አልፌያለሁ። ማርገዜን ያወቅሁት ሐምሌ 2012 ላይ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን ከተገኘ አራት ወር አልፎታል። የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ የሚያወጡትን የታማሚ ቁጥር ሳላይ አልተኛም ነበር። ሥራዬ ባንክ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከሰው እጅ ብር እየተቀበልኩ እቆጥራለሁ። አለቃዬን «ከመስኮቱ ዞር አድርገኝ» እንዳልለው ምክንያቱን መንገር ሊኖርብኝ ነው። በእኛ ቤት ደግሞ እርግዝና ሦስት ወር ሳይሞላው አይወራም። እናቴ «ዝም በይ፣ የሰው ዓይን አይግባበት» ትለኝ ነበር። እኔም ዝም አልኩ።

አንድ ጠዋት ጎረቤት ሽንኩርት ሲያቁላሉ አላስመለሰኝም። ከዚያ በፊት ሽታው ገና ሲመጣ ወደ መታጠቢያ ቤት ነበር የምሮጠው። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቆይቼ ቡና ሳፈላ እሱም አልሸተተኝም። ኮቪድ መሆኑ ገባኝና ጉልበቴ ከዳኝ።

ሁለት ሌሊት ትኩሳቱ አነደደኝ። ፓራሲታሞል ራስጌዬ ነበር። አልዋጥኩትም፤ ክኒን ፅንስ ያበላሻል ሲባል ነበር የሰማሁት። ጎረቤታችን እማማ መታመሜን ሰምተው መጡና «ምች ነው የመታሽ» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው ሰጡኝ። በማግስቱ ጤና አዳምና ፌጦ ይዘው ተመለሱ። ያኔ አገሩ ሁሉ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ፌጦ ነበር የሚጠጣው። እኔም ጤና አዳሙን ጠጣሁ። እማማ እርጉዝ መሆኔን አያውቁም። ቢያውቁ ኖሮ ብርጭቆውን ከእጄ ይነጥቁኝ ነበር። ጤና አዳም ማህፀንን ሊያኮማትር እንደሚችል፣ ለነፍሰ ጡር እንደማይመከር ኋላ ከራሳቸው አፍ ሰማሁት። ያን ቀን ምን ያህል እንደተጸጸቱ ሳስታውስ ዛሬም አንጀቴን ይበላኛል። እሳቸው ምን አጠፉ? የደበቅኳቸው እኔ ነኝ።

ሲሻለኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «ስንት ወርሽ ነው?» አለችኝ። «ሁለት ሊሆነኝ ነው» አልኳት። «አራተኛ ወርሽ ሲገባ ነይ» ብላ ሸኘችኝ። ወረፋው እስከ በሩ ድረስ ነበር፤ እሷም ደክሟታል። አልተቀየምኳትም። ነገር ግን ልጄ ደኅና ይሁን አይሁን የሚነግረኝ ሰው ሳላገኝ ሁለት ወር ሙሉ ያላለቀስኩበት ሌሊት የለም።

ልጄ መጋቢት 2013 ላይ በሰላም ተወለደ። ክትባቱ በአገራችን መሰጠት የጀመረውም በዚያው ወር ነው። ሁለቱን ባንድ ወር ማየቴን መቼም አልረሳውም።

ያን ጊዜ ለእኔ የሚመልስልኝ ያጣሁት ጥያቄ ዛሬ መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ አንድ ጥናት በስዊድን፣ በዴንማርክና በኖርዌይ የተወለዱ ከ340 ሺህ በላይ ሕፃናትን መዝገብ አገላብጧል። እናቶቻቸው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ኮቪድ የያዛቸው ሕፃናት ላይ ከባድ የአካል ጉድለት ከሌሎቹ በልጦ አልተገኘም። በዚያው ጊዜ ክትባት በወሰዱ እናቶች ልጆች ላይም አልበለጠም። እህቴ ይህን ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም፤ ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ።

ኮቪድ ለነፍሰ ጡር ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። እርጉዝ ሴት ከያዛት ካላረገዘች እኩያዋ ይልቅ በጠና የመታመም ዕድሏ ይበልጣል። በተለይ ወሩ ሲገፋ፣ በተለይ ደግሞ የደም ግፊት ወይም ስኳር ካለባት። ያለቀኑ መውለድም ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ትንፋሽ ካጠራት፣ ደረቷን ከወጋት ወይም ደም ካየች ሳታድር ሐኪም ቤት መሄድ አለባት።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ትኩሳቱን ዝም ብሎ መቻል ነው። የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ4 ሳምንት ገደማ ነው። ብዙ ሴት ያኔ ማርገዟን ገና ማወቋ ነው። በዚያ ወቅት ኃይለኛ ትኩሳት ለፅንሱ ጥሩ አይደለም። ሐኪሞች ለነፍሰ ጡር ትኩሳት የሚያዙት ያንኑ እኔ የፈራሁትን ፓራሲታሞል ነው። እኔ ልጄን አድናለሁ ብዬ ትኩሳቱን ስታቀፍ አደርኩ። ወባ ባለበት አካባቢ የምትኖር ሴት ደግሞ ባተኮሳት ቁጥር ኮቪድ ነው ብላ እቤት መቀመጥ የለባትም። ወባ ነፍሰ ጡርን ክፉኛ ይጎዳል፤ የደም ምርመራ ያስፈልጋታል።

ያ ቱቦ በደንብ እንዲዘጋ የሚረዳው ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚንም እንዲሁ ነው። በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ቢቻል ከማርገዝ በፊት ጀምሮ፣ ካልሆነ እንደታወቀ ወዲያው መወሰድ አለበት። በአራተኛ ወሯ የምትጀምር ሴት ያ ቱቦ ከተዘጋ ከወራት በኋላ ነው የምትደርሰው። «አራተኛ ወርሽ ሲገባ ነይ» የምትለው ቃል የምታናድደኝም ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የመጀመሪያው ክትትል 12 ሳምንት ሳይሞላ እንዲሆን፣ በጠቅላላው ደግሞ 8 ጊዜ እንዲሆን ይመክራል። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 4 ጊዜና ከዚያ በላይ የተከታተሉት እናቶች ከ100 ወደ 43 ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። እንደ እኔ ከካርድ ክፍል ደጃፍ የተመለሱት ከቀሪዎቹ ውስጥ ስንት ይሆኑ?

የጤና ዓምዳችሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስለ ነፍሰ ጡር ስትጽፉ ፎቶው ሁልጊዜ የገፋ ሆድ ነው። ምክሩም ስለ ምጥ፣ ስለ መውለጃ ቦታ ነው። ሆዷ ገና ላልታየ ሴትም ጻፉላት። ትኩሳት ሲይዛት ምን እንደምትወስድ፣ ምን እንደማትጠጣ፣ በስንተኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ እንደምትሄድ አንድ ሐኪም ወይም አዋላጅ ነርስ አነጋግራችሁ በቀላል አማርኛ አውጡላት። ጤና ጣቢያዎቻችንም «የሁለት ወር እርጉዝ ነኝ» ያለችን ሴት እባካችሁ አትመልሷት። አምስት ደቂቃ ይበቃታል።

ለአለቆችም ልናገር። የሚያስል ሠራተኛ እቤቱ ይዋል። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት ምን ይዛ እንደመጣች እሱም እናንተም አታውቁም፤ እሷም ልትነግራችሁ አትችል ይሆናል።

እናቶቻችን የሚያስጠብቁንን ዝምታ አልነቅፍም። ፅንስ ይወርዳል፤ አውርተን በኋላ ስንጠየቅ እንዳይከፋን ብለው ነው። እህቴን ግን አንድ ሰው ጨምሪ አልኳት። እናታችንን አይደለም፤ እናታችን ከሁላችን በላይ ነው የምትደነግጠው። ርዕሰ መምህሯን እንድታናግር ነው የመከርኳት። ሴት ናቸው፣ ልጆች ወልደዋል።

ትናንት ነገረቻቸው። ተነስተው በሩን ዘጉና «ማርያም ትቅረብሽ» አሏት። ከዚያ የመምህራን ክፍሉን መስኮቶች በሙሉ ራሳቸው ዞረው ከፈቱ። እህቴም ስትመረመር ኮቪድ አልተገኘባትም። ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ አብሬያት እሄዳለሁ። ካርድ ክፍል ቆሜ «ሁለት ወር ሊሆናት ነው» የምለው እኔ ነኝ።

አክባሪያችሁ፣
የአንድ ልጅ እናት፣ ከአዲስ አበባ