የአምናው ናሙና ከየት ተወሰደ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የአፈር ለምነትን ከዓመት ዓመት እናወዳድራለን እያልን ናሙናውን ካገኘነው ቦታ ከወሰድን፣ የምናወዳድረው ሁለት የተለያየ አፈር ነው። በሰሜን ሸዋ ተዳፋት ከእርከኑ ሥር የተጠራቀመውና ጥቂት እርምጃ ከፍ ብሎ የታጠበው አንድ አይደሉም። የስልክ ጂፒኤስ ደግሞ ሜዳ ላይ እንኳ እስከ 5 ሜትር ሊስት ይችላል፤ ባሕር ዛፍ ሥር ይብስበታል።

ችካል አይበጅም፤ ወይ በሬ ይነቅለዋል፣ ወይ ማገዶ ይሆናል። የሚሻለው ከማይነቃነቁ ሁለት ምልክቶች፣ ለምሳሌ ከቋጥኝና ከቤት ማዕዘን፣ ናሙናው እስከተወሰደበት ጉድጓድ በሜትር ለክቶ መጻፍ ነው። ሲመለሱ ከየምልክቱ አንድ አንድ የሜትር ገመድ ወጥሮ በተጻፈው ርቀት ማገናኘት። መስመሮቹ ወደ 90 ዲግሪ የተጠጋ ማዕዘን ይሥሩ፤ ከ30 ካነሰ ሜትሩ ትንሽ ሲረግብ ነጥቡ ርቆ ይሄዳል። የሚገናኙትም በሁለት ቦታ ስለሆነ፣ ከምልክቶቹ በላይ ይሁን በታች ይመዝገብ።

ኬክሮስና ኬንትሮስን በአስርዮሽ ዲግሪ የሚመዘግብ ሰው ከአስርዮሽ ነጥቡ በኋላ 5 አኃዝ ይያዝ፤ አራተኛዋ አኃዝ በአንድ ስትለወጥ ብቻ 11 ሜትር ገደማ ናት። ከሁሉ የከፋው የቆየው ካርታ በአዲንዳን (በቀድሞው የቦታ መለኪያ መነሻ)፣ መሣሪያው በደብሊውጂኤስ 84 (ጂፒኤስ በሚጠቀምበት መነሻ) ሲሆን ነው፦ ነጥቡ ከ100 ሜትር በላይ ይሸሽና የሰው ማሳ ያስገባል (ባለማሳው ካልተቆጣ!)።

ቦታው ሲገኝ የአምናው ጉድጓድ አይነካም፤ አፈሩ ተዛብቷል። ግማሽ ሜትር ፈቀቅ ብሎ፣ በዚያው 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ማዳበሪያ ሳይበተን መውሰድ ነው። የጅሩ መረሬ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅና የላዩ አፈር ወደ ውስጥ ስለሚገባ፣ ከስንጥቁ ራቅ ይባል።

ከደብረ ብርሃን