የሳንባ ሕሙማን ጭንቀትም ይታከም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ ደረታቸው ይደመጣል፣ የኦክስጅን መጠናቸው ጣት ላይ በሚደረግ መሣሪያ ይለካል፣ ወደ ውስጥ የሚሳብ መድኃኒትም ይታዘዝላቸዋል። ስለ ፍርሃታቸውና ስለ ብቸኝነታቸው ግን እምብዛም አይጠየቁም። እናቴን ለዓመታት ሳስታምም በተለያዩ ተቋማት የታዘብኩት ይህንኑ ነው፤ ክፍተቱ ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቅ ሊሞላ የሚችል በመሆኑም ጉዳዩ የሚመለከታቸው ኃላፊዎች እንዲያስቡበት ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ጭንቀት የእነዚህን ሕሙማን ትንፋሽ በቀጥታ ያሳጥራል። የአየር ቧንቧቸው በመጥበቡ አየር ማስወጣት የሚከብዳቸው ሰዎች ሲደነግጡ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ይጀምራሉ፤ ቀድሞ የገባው አየር ተሟጥጦ ሳይወጣ ሌላ ስለሚጨመርበት ደረታቸው ይወጠራል፣ እንደታፈኑም ይሰማቸዋል፣ ይህ ደግሞ ድንጋጤውን ያብሰዋል። ሌሊቱን እንዲህ ሲጨነቅ ያደረ ሰው በማግስቱ ደረጃ መውጣትን፣ ገበያ መሄድን፣ ብቻውን መተኛትን ሳይቀር ይፈራል። ከእንቅስቃሴ ሲርቅ የእግሩ ጡንቻ ይደክማል፤ የደከመ ጡንቻ ለትንሽ ሥራ ብዙ አየር ስለሚፈልግ የትንፋሽ ማጠሩ ይጨምራል። እናቴ «ምን ሊረባኝ ነው» ብላ መድኃኒቷን ያቋረጠችው እንዲህ ባለ ወቅት ነበር።

ከፍርሃቱ ቀጥሎ የሚመጣው ሐፍረት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በተለምዶ ሲኦፒዲ የሚባለው ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ወደ 3.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን ገድሏል። በበለጸጉ አገሮች ከ70 በመቶ በላይ ለሚሆነው ሕመም ምክንያቱ ትምባሆ ሲሆን፣ እንደኛ ባሉ አገሮች ግን የትምባሆ ድርሻ ከ30 እስከ 40 በመቶ ነው፤ በእኛ ዘንድ የማገዶ ጭስ ከዋነኞቹ መንሥኤዎች አንዱ ነው። እናቴ ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም፤ ዕድሜዋን ሙሉ በእንጨትና በኩበት እንጀራ ስትጋግር ነው የኖረችው። ሆኖም አዲስ ሐኪም ባየች ቁጥር «ሲጋራ ያጨሱ ነበር?» ተብላ ስትጠየቅ እንደተከሰሰች ሁሉ አንገቷን ትደፋለች። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቀጥሎ ስለ ማገዶው ቢጠየቅና «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» የሚል አንድ ቃል ቢታከልበት ግን ምንኛ በጠቀመ። ያጨሱትም ቢሆኑ ወቀሳ ሕመማቸውን እንዲደብቁ ከማድረግ ያለፈ ፋይዳ የለውም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒታቸውን ጨርሰው የዳኑ፣ ነገር ግን ሳንባቸው ላይ በቀረው ጠባሳ የተነሣ ሳሉ ያልለቀቃቸውም አሉ፤ እነዚህን ሰዎች ጎረቤት አሁንም «ያስተላልፉብናል» እያለ ይሸሻቸዋል።

የብቸኝነቱ ምንጭ ብዙውን ጊዜ ከራሳችን ልማድ ውስጥ ነው የሚገኘው። ቡና ተፈልቶ ከሰልና ዕጣን በሚጨስበት ቤት እናቴ መቀመጥ ስለማትችል ከጎረቤት ቡና ቀረች፤ ቡናው ሲቀር ወሬውም መጠያየቁም ቀረ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከደጅ ቆማ ትመለሳለች። ታክሲ ውስጥ መስኮት እንዲከፈትላት ስትለምን «ብርድ ይመታናል» ይባላል። አሳንሰር በሌለው ባለአራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም የላይኛው ወለል ዕጣ የወጣላቸው ሕሙማን ደግሞ ከቤት የሚወጡት ለሐኪም ቀጠሮ ብቻ ነው። ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» ተብሎ ቆሻሻ በየሰፈሩ ሲቃጠል እናቴ መስኮቱን በጨርቅ ደፍና ትውላለች። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከፈጀው ወረርሽኝ ጋር የተያያዘ ነው፤ ያ በሽታ የሳንባ በሽታ እንደነበር ሳስብ ነገሩ ይገርመኛል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሳንባ ስፔሻሊስት ሐኪሞች መሠልጠናቸው ትልቅ እርምጃ ነው፤ እኔ የምለው ግን ስፔሻሊስት ሳይጠበቅ በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊሠራ ስለሚችለው ነው። በቀጠሮ ቀን ነርሷ ሁለት ጥያቄ ብትጠይቅ ይበቃል፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ለነገሮች ያለዎት ፍላጎት ወይም ደስታ ቀንሶ ነበር? የመከፋት ወይም ተስፋ የመቁረጥ ስሜትስ ነበረዎት? መልሱ አዎ ከሆነ ድብርትን ለመለየት ወደሚያገለግለው ባለ ዘጠኝ ጥያቄ ቅጽ ማለፍ ይቻላል፤ ቅጹ በአማርኛ ተዘጋጅቶ በአገራችን ተፈትኗል። ሕመምተኛው ሲጨንቀው በአፍንጫው አየር ስቦ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈሩን አሞጥሙጦ፣ ለመሳብ ከወሰደበት ጊዜ በእጥፍ ቀስ ብሎ እንዲያስወጣ ማስተማርም ደቂቃዎችን ብቻ ይጠይቃል። ይህን ዘዴ እናቴን ያስተማረቻት አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ ከዚያ ወዲህ ሌሊት ስትባንን መጀመሪያ የምታደርገው እሱን ነው። ጭንቀቱን በእንቅልፍ መድኃኒት ለማስታገስ መሞከር ግን አንዳንዶቹ መድኃኒቶች አተነፋፈስን ስለሚያዳክሙ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ሕመሙን የሚያውቅ ሰው ጋር መገናኘት ይመስለኛል። የዚህ ልምድ አለን። እ.ኤ.አ. በ2005 የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መስጠት ሲጀመር የመድኃኒቱ መኖር ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ታውቆ፣ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ራሳቸው ሠልጥነው በጤና ተቋማት ሌሎችን እንዲያማክሩ ተደርጓል፤ የእናቶች ድጋፍ ቡድኖችም ተቋቁመዋል። መድኃኒት ያቋረጡትን ቤት ድረስ ሄደው «እኔም እንዳንተ ነበርኩ» ብለው የመለሱ እነዚህ ሰዎች ናቸው። የሳንባ ሕሙማን ይህን መሰል ድጋፍ የማያገኙበት ምክንያት አይታየኝም፤ የሚፈለገው በወር አንድ ቀን ክፍት የሚሆን፣ ምድር ቤት ያለና ጭስ የሌለበት አንድ ክፍልና ስብሰባውን የሚመራ አንድ ባለሙያ ነው። አስታማሚዎችም ቢካተቱ መልካም ነው፤ ሌሊት የሰው ትንፋሽ ሲቆጥር የሚያድር ሰውም የሚያዋየው ይፈልጋልና።

የዓለም የሲኦፒዲ ቀን በየዓመቱ በኅዳር ወር፣ ኅዳር በሚታጠንበት ሰሞን ይከበራል። የአዲስ አበባ ጤና ቢሮ እስከዚያ ድረስ ቢያንስ በጥቂት ጤና ጣቢያዎች ይህን መሰል ቡድን መጀመር ይችል እንደሆነ ጋዜጣችሁ ጠይቆ ምላሹን እንዲያስነብበን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አስታማሚ፣ ከአዲስ አበባ