«በፒን የወጣ ነው» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ገንዘቡ በካርድ ተወስዶበት አቤት ያለ ደንበኛ ከባንኩ የሚሰጠው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ከሦስት መስመር አይበልጥም፤ «ግብይቱ በካርድዎና በሚስጥር ቁጥርዎ የተፈጸመ በመሆኑ ባንኩ ኃላፊነት የማይወስድ መሆኑን እንገልጻለን።» ከሥሩ ፊርማና ማኅተም አለ። ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ድረስ የመጣ ሰው ይህን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ይከትና ይመለሳል። ማኅተም ያረፈበት ነገር የመጨረሻው ቃል ይመስለዋል። ነገሩ ግን ገና አልተጀመረም። ይህን የምንጽፈው ደብዳቤው ምን እንደጎደለው፣ የጎደለውንም እንዴት አድርጎ መጠየቅ እንደሚቻል የዞናችን ሰው እንዲያውቀው ነው።

ከሕጉ እንነሣ። ባንክ ያስቀመጥነው ገንዘብ ባንኩ ለእኛ ያለበት ዕዳ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2001 ግዴታ አለ የሚል መኖሩን፣ ግዴታው ቀርቷል የሚልም መቅረቱን እንዲያስረዳ ያዛል። ደንበኛው ደብተሩን ወይም የሂሳብ መግለጫውን ሲያቀርብ ገንዘቡ እንደነበረው አስረድቷል። «ከፍያለሁ፤ የከፈልኩትም በአንተ ትእዛዝ ነው» የሚለው ባንኩ ስለሆነ ይህን ማስረዳት የባንኩ ፋንታ ነው። እርግጥ ካርድ ሲወሰድ የሚፈረመው ቅጽ ላይ በሚስጥር ቁጥር የተደረገ ሁሉ እንደ ደንበኛው ትእዛዝ ይቆጠራል የሚል አንቀጽ አይጠፋም፤ ባንኩም ይህንኑ ይመዛል። ስለዚህ የቅጹን ግልባጭ አስቀድሞ መጠየቅና ማንበብ ያስፈልጋል። ቅጹ ግን ባንኩን መዝገቡን ከማሳየት ነፃ አያወጣውም።

መዝገቡ አለ። ካርድ ማሽን ውስጥ በገባ ቁጥር ባንኮች የሚለዋወጡት መልእክት ይቀመጣል። በመልእክቱ ውስጥ 12 አሃዝ ያለው የማጣቀሻ ቁጥር፣ 8 ፊደልና ቁጥር ያለው የማሽኑ መለያ፣ 6 ፊደልና ቁጥር ያለው የፈቃድ ኮድ አለ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ካርዱ በምን መንገድ እንደተነበበ የሚናገረው ኮድ ነው። መጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች 05 ከሆኑ ማሽኑ ያነበበው ካርዱ ፊት ላይ ያለውን ወርቃማ ቺፕ ነው። 90 ከሆኑ ከካርዱ ጀርባ ያለውን ጥቁር መስመር ነው ያነበበው። 80 ከሆኑ ቺፑ አልሠራ ብሎ ወደ ጥቁሩ መስመር ተመልሷል ማለት ነው። 07 ካርዱን በማስጠጋት ብቻ የተከፈለ ነው። 01 ወይም 81 ሲሆን ካርዱ ማሽን አልነካም፤ ቁጥሩ በእጅ ወይም በኢንተርኔት ገብቷል።

ይህ ሁለት አሃዝ ክርክሩን ይለውጠዋል። ቺፕን መቅዳት እጅግ ከባድ ነው፤ ጥቁሩን መስመር መቅዳት ግን ቀላል ነው። ካርዱ ላይ ቺፕ እያለ መዝገቡ 90 ወይም 80 የሚል ከሆነ የተቀዳ ካርድ ስለመሆኑ ብርቱ ጥርጣሬ አለ፤ «የእርስዎ ካርድ ነው» የሚለው ቃልም ይላላል። መዝገቡ 05 ካለ ደግሞ ሌላ የሚጠየቅ ነገር አለ። ቺፑ ውስጥ በእያንዳንዱ ግብይት አንድ አንድ እየጨመረ የሚሄድ ቆጣሪ አለ። ደንበኛው የራሴ ናቸው የሚላቸው ከክርክሩ በፊትና በኋላ ያሉት ግብይቶች ቆጣሪያቸው ስንት እንደሆነ፣ የተካደው ግብይትስ በመሐላቸው በተራው መግባቱ ይታያል። ቁጥሩ ተራውን ከጠበቀ እውነተኛው ካርድ እዚያ ነበር ማለት ነው። ያን ጊዜ ጥያቄው ካርዱ በማን እጅ ነበር ወደሚለው ይዞራል።

የቅርንጫፍ ሠራተኛ ይህን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ላያየው ይችላል፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው የካርድ ክፍል ግን ያየዋል። ስለዚህ ማመልከቻው ቅርንጫፉ ለካርድ ክፍሉ እንዲያስተላልፍ በግልጽ ይጠይቅ።

አሁን ደግሞ ብዙ አቤቱታ የሚበላሽበትን አንድ ትንሽ ነገር በምሳሌ እንይ። አንድ ሰው «ሚያዝያ 2 ቀን ሌሊት 8 ሰዓት ከ10 ላይ ገንዘቤ ወጣ» ብሎ ይጽፋል። እኛ ሌሊቱን ያለፈው ቀን አካል አድርገን ወይም «ለሚያዝያ 3 አጥቢያ» ብለን ነው የምንቆጥረው። የባንኩ የሂሳብ መግለጫ ደግሞ ኤፕሪል 11 ቀን 2025፣ 02:10 ይላል፤ ይህ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በባንኮች መሐል የሚሄደው መልእክት ላይ ያለው አንዱ ሰዓት በዓለም አቀፉ የግሪንዊች ሰዓት ስለሚቆጠር ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ እዚያ ላይ ኤፕሪል 10፣ 23:10 ተብሎ ይገኛል። አንድ ግብይት ሆኖ ሳለ በተለያየ ቀን የተፈጸመ ይመስላል። መርማሪው «በተጠቀሰው ቀንና ሰዓት የተደረገ ግብይት አልተገኘም» ቢል አይደንቅም። የካሜራውን ምስል የሚፈልገው ሠራተኛም የተሳሳተውን ሰዓት ከፍቶ ባዶ ክፍል ያያል። ማመልከቻ ላይ የኢትዮጵያን ቀንና ሰዓት ከጻፉ በኋላ ከሂሳብ መግለጫው ላይ የፈረንጁን ቀንና የ24 ሰዓቱን ቁጥር እንዳለ መገልበጥ፣ የማጣቀሻ ቁጥሩንም ማስከተል ይህን ችግር ከሥሩ ይነቅለዋል።

የተወሰደበትን መንገድ መለየትም ግድ ነው። መንገዱ ሲለያይ የሚጠየቀው ነገርም ይለያል።

ማሽኑ ብር ሳይሰጥ ከሂሳብ የቀነሰ ከሆነ ሌባ የለበትም፤ ቆጠራ ነው። ማሽኑ ከየሳጥኑ ስንት ኖት እንዳወጣ፣ ስንቱን መልሶ እንደዋጠ የሚመዘግብ ጆርናል አለው። ብር በሚሞላበት ጊዜም ሳጥኑ ይቆጠራልና ያልወጣው ብር ትርፍ ሆኖ መታየት አለበት። የሚጠየቀው የዚያ ቀን ጆርናልና የቆጠራ ውጤቱ ነው። ማሽኑ የሌላ ባንክ ቢሆን እንኳ ማመልከቻው የሚገባው ካርዱን ለሰጠው ለራስ ባንክ ነው። የማሽኑ ባለቤት ባንክ በር ላይ ሲመላለሱ የሚባክነው ቀን ብዙ ነው።

ካርድ መለዋወጥ በእኛ አካባቢ እጅግ የሚያሳዝነው ዓይነት ነው። ደመወዝና ጡረታ በሚገባበት ሰሞን ወረፋው ረዥም ነው። አዛውንቱ ወይም እናቲቱ ማሽኑ ፊት ሲቸገሩ አንድ ትሑት ወጣት «እማማ፣ ልርዳዎት?» ይላል። ቁጥሩን ሲነኩ በዓይኑ ይይዛል፤ ካርዱን አውጥቶ ሲመልስላቸው ግን የሚሰጣቸው ያንኑ ቀለም ያለው የሌላ ሰው ካርድ ነው። ፊቱ ላይ የታተመውን ስም የሚያነብ የለም። ካርዱ መለወጡ የሚታወቀው በሌላ ቀን ማሽኑ ቁጥሩን አልቀበልም ሲል ነው። በዚህ ጊዜ መዝገቡ 05 ነው፤ ቆጣሪውም ተራውን ጠብቋል። ባንኩ «እውነተኛው ካርድና እውነተኛው ቁጥር ነው» ሲል እውነቱን ነው፤ ይህን መካድ አቤቱታውን ያዳክማል። የሚያዋጣው ሌላ ጥያቄ ነው። የቀኑ የወጪ ጣሪያ ታልፏል ወይ? በአንድ ቀን በተለያየ ከተማ ሲወጣ ሥርዓቱ ለምን ዝም አለ? የአጭር መልእክት ማሳወቂያ ተልኮ ነበር ወይ? ከሁሉም በላይ ደንበኛው «ካርዱን ዝጉልኝ» ካለበት ደቂቃ በኋላ የወጣ ብር አለ ወይ? ከዚያ ደቂቃ በኋላ የወጣውን ባንኩ በደንበኛው ጥንቃቄ ማነስ ሊያመካኘው አይችልም። ስለዚህ አቤቱታው ላይ ገንዘቡ ለሁለት ይከፈል፤ ለባንኩ ከማሳወቁ በፊት የወጣው ይህን ያህል፣ በኋላ የወጣው ይህን ያህል ተብሎ። አንድ ላይ ተደምሮ ከቀረበ አንድ ላይ ውድቅ ይደረጋል። የተረፈውን ባዕድ ካርድም አይጣሉት፤ ባለቤቱ ሌላው ተበዳይ ነው፤ ለፖሊስም መነሻ ይሆናል።

በቪዛ ወይም በማስተርካርድ ውጭ አገር ወይም ኢንተርኔት ላይ ከተወሰደ ባንኩ በካርዱ ድርጅት ደንብ በኩል ገንዘቡን ከሌላው ወገን ባንክ የማስመለስ መንገድ አለው። ለአብዛኛው እንዲህ ላለው ክርክር የተሰጠው ጊዜ 120 ቀን ነው። ደንበኛው በቀጥታ ወደ ድርጅቱ መሄድ አይችልም፤ የሚያቀርብለት ባንኩ ነው። «እያጣራን ነው» እየተባለ 4 ወር ካለፈ መንገዱ ይዘጋል። ማመልከቻው ላይ «ክርክሩ በካርዱ ድርጅት ደንብ መሠረት በጊዜው እንዲቀርብልኝ፣ የቀረበበትም ቀን በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ» ብሎ ማስፈር ኋላ ላይ ለመዘግየቱ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ያሳያል።

በስልክ ተደውሎ የማረጋገጫ ኮድ ተወስዶ ገንዘብ ወደ ሌላ ሂሳብ ከተላለፈ ደግሞ ሰዓት ነው የሚወስነው። ተቀባዩ ሂሳብ ባለቤት አለው፤ ቁጥሩም መልእክቱ ላይ ይታያል። በዚያው ሰዓት ለባንኩ ጥሪ ማእከል ተደውሎ ተቀባዩ ሂሳብ እንዲታገድ መጠየቅ አለበት፤ በማግስቱ ሲሆን ሂሳቡ ባዶ ነው። ስልኩ ድንገት ኔትወርክ ካጣና መስመሩ ካልተመለሰ በስሙ ምትክ ሲም ወጥቶበት ሊሆን ይችላልና ቴሌኮሙ ጋ ሲሙ መቼና የት እንደወጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን፣ ማለትም ግንኙነቱ ከየት ወደ የት፣ መቼ እንደተደረገ የሚያሳየውን መረጃ፣ ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል። ከዚያ በኋላ የመጣ መርማሪ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል።

አካሄዱ እንዲህ ቢሆን ይጠቅማል። መጀመሪያ በስልክ ማዘጋት፤ የተደወለበትን ደቂቃ፣ ያነሣውን ሠራተኛ ስምና የተሰጠውን የአቤቱታ ቁጥር መጻፍ። የጥሪ ዝርዝሩን ከስልኩ ላይ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ። በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ፣ በሁለት ቅጂ የተጻፈ ማመልከቻ ቅርንጫፉ ማስገባትና በራስ ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር ማስመታት። በቃል የተነገረ አቤቱታ እንዳልተነገረ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ የቱንም ያህል ደግ ሰው ቢሆን። የካሜራው ምስል እንዲጠበቅ መጠየቅ ያለበትም በዚሁ በመጀመሪያው ማመልከቻ ነው። የካሜራው መቅጃ ሲሞላ አዲሱ ምስል በአሮጌው ላይ ይቀዳልና ከወራት በኋላ ፍርድ ቤት ቢያዝም የሚገኝ ነገር አይኖርም። ማመልከቻው ላይ «ምስሉን ስጡኝ» ሳይሆን «ለፖሊስና ለፍርድ ቤት እንዲቆይልኝ» ይባል። የሌላ ሰው ምስል ለደንበኛ አይሰጥም፤ የማቆየት ጥያቄን እምቢ ማለት ግን ይከብዳል።

ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ቃል መስጠትና የመዝገብ ቁጥር መያዝ። የተቀባዩን ሂሳብ ባለቤት ማንነት ባንኩ ለደንበኛ አይነግርም፤ ለመርማሪ ግን በሕጉ መንገድ ሲጠየቅ ይሰጣል።

ባንኩ እምቢ ካለ፣ ወይም ሳይመልስ ካቆየ፣ ቀጣዩ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያ ቁጥር ኤፍሲፒ/01/2020 አውጥቷል፤ አቤቱታ መጀመሪያ ለራሱ ለባንኩ መቅረብ ስላለበት ማኅተም ያረፈበት ቅጂ እዚህ ላይ ዋጋው ይታያል። ለብሔራዊ ባንክ ሲጻፍ ታሪኩን ማርዘም አያስፈልግም። አንድ ገጽ ይበቃል፤ እያንዳንዱ ግብይት በማጣቀሻ ቁጥሩ፣ ባንኩ የተጠየቀው መዝገብና ያልሰጠው፣ የባንኩ ደብዳቤ አባሪ።

ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው የይርጋውን፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ፣ ጉዳይ ከባለሙያ ጋር ይይ። ክሱ በውል ላይ ከተመሠረተ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1845 መሠረት 10 ዓመት ይሰጣል፤ ከውል ውጭ ኃላፊነት ተብሎ ከቀረበ ግን በአንቀጽ 2143 መሠረት 2 ዓመት ብቻ ነው። የሂሳብ ክርክር በውል ላይ ቢቆም ይሻላል የምንለው ለዚህም፣ ከላይ ስላነሣነው የማስረዳት ሸክምም ነው። አቅም የሌለው ሰው የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ መስጫዎች ይጠይቅ።

ሐቁን ለመናገር፣ የሚስጥር ቁጥሩን ካርዱ ላይ የጻፈ ወይም ኮዱን በስልክ ያነበበ ሰው ሙሉ ገንዘቡን የማስመለስ ዕድሉ ጠባብ ነው። እሱም ቢሆን መዝገቡን የማየት፣ ካሳወቀ በኋላ የወጣውን የመጠየቅ መብቱ አልጠፋም።

በዞናችን ላሉ የባንክ ቅርንጫፎች የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። እምቢታችሁን ስትጽፉ አንድ ገጽ አባሪ አድርጉ፤ የእያንዳንዱ ግብይት ማጣቀሻ ቁጥር፣ የማሽኑ መለያና ቦታ፣ የአነባበቡ ኮድ፣ ሰዓቱ በኢትዮጵያና በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ ካርዱ የተዘጋበት ደቂቃ። የካርድ ክፍላችሁ ጋ ያለ መረጃ ነው፤ ወጪውም የአንድ ወረቀት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ከደብረ ብርሃን