ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦ የወለል ማሞቂያ ቱቦ ፍተሻን በተመለከተ

ቤት ከመግዛታችሁ በፊት የምናደርግላችሁን የወለል ማሞቂያ ቱቦ ፍተሻ በአንድ ቀን ጨርሰን ወረቀት መስጠት በማቆማችንና ዋጋውንም ከ175 ወደ 320 ዶላር ከፍ በማድረጋችን ብዙዎቻችሁ ቅር እንደተሰኛችሁ አውቃለሁ። የግዢ ቀነ ገደባችሁ ለተጣበበባችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። «የገዛ ወገኑን ሊበላ ነው» መባሉ ግን ከልብ ስላሳዘነኝ ነገሩን በዝርዝር ላስረዳ።

ሙቅ ውኃ እያዘዋወረ ወለሉን የሚያሞቀው ቱቦ ኮንክሪት ውስጥ ስለተቀበረ በዓይን አይታይም፤ የሚታየው ውኃውን ለየቱቦው ከሚያድለው ማከፋፈያ ሥር ብቅ ያለው ጫፍ ብቻ ነው። ጫፉ ላይ የታተመውን ጽሑፍ በባትሪ አብርተን እናነባለን። «ኢንትራን ሁለት» የሚል የጎማ ቱቦ ከሆነ በፈረንጆቹ ከ1989 እስከ 1993 የተመረተ፣ እየደረቀ መገጣጠሚያው ላይ የሚያፈስ፣ እዚሁ ኮሎራዶ ሳይቀር አምራቹን ፍርድ ቤት ያቆመ ዕቃ ነው፤ የካሳ ማመልከቻው ጊዜም በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2009 ስለተዘጋ ወጪው የሚወድቀው በገዢው ላይ ነው። ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ኦክስጅን የሚከለክል ሽፋን እንዳለው እናያለን፤ ከሌለው አየር ሰርጎ እየገባ ውኃውን የሚያሞቀውን የቦይለሩንና የሚያዘዋውረውን የፓምፑን ብረት ያዝገዋል። ይህን ሁሉ በአንድ ሰዓት ማየት ይቻላል፤ በዚህ አልከራከርም።

ችግሩ ያለው ቱቦው ማፍሰስ አለማፍሰሱ ላይ ነው። በብዙ ቤቶች ቦይለሩ ላይ ያለው የውኃ መሙያ ቫልቭ በራሱ የሚሠራ በመሆኑ፣ ከወለሉ ሥር የጠፋውን ውኃ ከከተማው መስመር እየሳበ ይተካል፤ የውኃውን ግፊት የሚለካው ጌጅም ምንም እንዳልተፈጠረ 12 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ላይ ቆሞ ይታያል። እዚህ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ከተማ ውስጥ ባየነው አንድ ቤት ወለሉ ደረቅ፣ ጌጁም የተረጋጋ ነበር። ማሞቂያው ጠፍቶ ውኃው ከቀዘቀዘ በኋላ የመሙያውን ቫልቭ ዘግተን አደርን፤ ጠዋት ስንመለስ መርፌው ዜሮ ላይ ተኝቶ አገኘነው። በአንድ ቀን ወረቀት ሰጥተን ብንሄድ ኖሮ ያ ቤተሰብ ኮንክሪት የሚያስቆፍር ቤት ይገዛ ነበር። የቱቦውን መስመር ከወለሉ ሙቀት የሚያሳየን የሙቀት ካሜራም ቢሆን ተአምር አይሠራም፤ ወለሉ እስኪሞቅ ሰዓታት ይፈጃል፣ ወፍራም ምንጣፍ ካለ ደግሞ መስመሩን ይሸፍነዋል። ውኃው ሳይቀዘቅዝ የተለካ እንደሆነም ሲቀዘቅዝ ግፊቱ በራሱ ይወርዳልና ጤነኛውን ቱቦ በሐሰት እንከሰዋለን።

ሁለት ጊዜ መመላለስ ማለት የረዳት ደመወዝና የነዳጅ ወጪ እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ የኢንሹራንሱም ክፍያ በየዓመቱ ከመጨመር አላረፈም። ጭማሪው የሚሸፍነው ይህንኑ ነው፤ ከዚያ የሚተርፈው እንኳን ለመበልጸግ፣ መኪናዋን ለማሳደስም አይበቃም።

ይህን ሥራ የጀመርኩት በአንድ አሮጌ መኪና የሰው የቧንቧ ሥራ እየረዳሁ ሲሆን፣ ስሜን ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጀምሮ እየተቀባበላችሁ እዚህ ያደረሳችሁኝ እናንተው ናችሁ። በዚያ እምነት ላይ ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ መፈረም አልችልም፤ ረክሶ ከሚገኝ ፊርማዬ ተወድዶ የሚታመነውን እመርጣለሁ። ወደ ሌላ ፈታሽ የሄዳችሁም ብትሆኑ፣ አደራችሁን የመሙያውን ቫልቭ ዘግቶ አሳድሮ እንደሆነ ጠይቁት።

ከለውጡ በፊት ቀጠሮ የያዛችሁ በቀድሞው ዋጋ ትስተናገዳላችሁ፤ አዳሩ ግን አይቀርም። ለሌሎቻችሁ፣ ሻጩ ዋጋችሁን በተቀበለበት ዕለት ደውሉልን፤ ቀነ ገደባችሁን ሳናሳልፍ ለመጨረስ የቻልነውን ሁሉ እናደርጋለን። ቫልቩን የምንዘጋው በሰው ቤት ስለሆነ የሻጩን የጽሑፍ ፈቃድ በወኪላችሁ በኩል ቀድማችሁ አስመጡልን፤ ለሙቀት ካሜራው ወለሉ ሞቆ እንዲጠብቀንም፣ ማሞቂያው ከመምጣታችን አንድ ቀን አስቀድሞ እንዲበራ ንገሩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት፣ ዴንቨር