ለ9ኛ ክፍል ወላጆች፦ ልጆች ወደ ቤት ስለሚያመጡት የፌሪዎች ልብ ወለድ

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ከሰኞ ጀምሮ ልጆቻችሁ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የሚያነቡትን ልብ ወለድ ይዘው ይመጣሉ። ለወጣቶች የተጻፈ ምናባዊ ታሪክ ነው። በሰዎችና በፌሪዎች (በአውሮፓ ተረት የሚነገርላቸው ስውር ፍጡራን) ዓለም መካከል ድንበር አለ፤ አንዲት ልጅ ድንበሩን ትሻገራለች፤ ስትመለስ ቤቷ ትታው እንደሄደችው ሆኖ አይጠብቃትም። ሽፋኑ ላይ ክንፍና ቀንድ ያለው ፍጡር ተስሏልና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ማለታችሁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን አስቀድመን ልናደርሳችሁ ወደድን።

ፌሪ ለሚለው ቃል በአማርኛ ልኩ የሆነ አቻ የለም። ስልኩ ላይ የሚፈልግ ተማሪ አንዱ «ጋኔን»፣ ሌላው «መልአክ» ብሎ ይጽፋል፤ ሁለቱም ታሪኩን ያበላሹታል። ጋኔን ካልናቸው ገና ከመነሻው ክፉ ናቸው፤ መልአክ ካልናቸው ደግሞ ተንኮላቸው አይገባንም። በስኮትላንድ የአበርፎይል ቄስ የነበረው ሮበርት ከርክ እ.ኤ.አ. ከ1691 እስከ 1692 ድረስ የአገሩን ሰዎች እምነት ጽፎ ሲያቆይ (የታተመው በ1815 ነው) እነዚህን ፍጡራን ያኖራቸው በሰውና በመልአክ መካከል ነው። ስለዚህ በክፍል ውስጥ «ፌሪ» እንዳለ ይቀራል።

የዓለም ለሁለት መከፈልም ከአየርላንድ አፈ ታሪክ የመጣ ነው። የቀደሙት ነዋሪዎች፣ ማለትም ፌሪዎቹ፣ በኋላ በመጡት ሰዎች ድል ሲሆኑ አገሩ ተካፈለ፦ ከመሬት በላይ ያለው ለሰዎች፣ ከመሬት በታች ያለው ለእነሱ። ወደ እነሱ ዓለም በር ሆነው የቀሩት በአገሩ ያሉት ጥንታዊ ጉብታዎች ናቸው። ከደብሊን በስተ ሰሜን የሚገኘው፣ ከ5,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረው የኒውግሬንጅ ጉብታ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ለእኛ ቤት ቅርብ የሆነ ነገርም አለ። ሔዋን 30 ልጆች እንደነበሯት፣ ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ እጅግ ያማሩትን 15ቱን እንደደበቀች፣ እነሱም እንደተሰወሩ ቀርተው ዛሮች ከእነሱ መጡ የሚለውን ተረት ከአያቶቻችሁ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። አይስላንድ ውስጥም ሔዋን ልጆቿን ደብቃለች፤ ግን ያልታጠቡትን፣ አፍራባቸው። ከፈጣሪ የተደበቀ ከሰውም ይደበቅ ተባለና «ስውራኑ ሰዎች» የሚባሉት ከእነሱ ሆኑ። በአንዱ አገር እናት የምትደብቀው የምትሳሳለትን ነው፤ በሌላው የምታፍርበትን። በሁለተኛው ሳምንት ተማሪዎች ስለዚህ ልዩነት አንድ ገጽ ይጽፋሉ፤ ስለዚህ ተረቱን የምታውቁ በአማርኛ ብትነግሯቸው ትልቅ እገዛ ነው። መተረክ ማመን አይደለም።

ችግር የሚመጣው ከከባድ ቃላት ይልቅ የታወቁ ከሚመስሉት ነው። «ኮርት» ሲያነቡ «ፍርድ ቤት» ብለው የሚያልፉ ብዙ ናቸው፤ እዚህ የንጉሥ ወይም የንግሥት አደባባይ ማለት ነው። «ግላመር» ውበት ሳይሆን ዓይን የሚያታልል ምትሃት ነው፤ ቃሉ ከስኮትላንድ ሲነሳ ትርጉሙ ይኸው ነበር። የአይሪሽ ስሞች ደግሞ እንደተጻፉ አይነበቡም፦ «ኤን፣ አይ፣ ኤ፣ ኤም፣ ኤች» ተብሎ የተጻፈው ስም «ኒቭ» ይባላል። ልጁ እንደመሰለው ቢያነብ ግድ የለም፤ በየገጹ ቆሞ መፈለግ ግን ታሪኩን ይቆርጥበታል። በገጽ ከሦስት ቃል በላይ እንዳይፈልግ አደራ።

ተማሪ መጽሐፉን የሚተወው ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ልጅቷ በፌሪዎቹ ዓለም ሦስት ሌሊት አድራ ስትመለስ እዚህ ዓመታት አልፈዋል፤ አንባቢው ገጽ የዘለለ ይመስለዋል። ይህም ከጥንት የመጣ ሕግ ነው፦ በአየርላንዱ ተረት ኦሺን የተባለ ጀግና እዚያ ዓለም ሦስት ዓመት የቆየ መስሎት 300 ዓመት አልፎ ነበር፤ ከፈረሱ ወድቆ መሬት ሲነካ በአንዴ ሸመገለ። መፍትሔው ቀላል ነው። የደብተሩ ገጽ መሐሉ ላይ ይሰመር፤ በግራ የሰው ዓለም፣ በቀኝ የፌሪዎቹ፤ በየምዕራፉ መጨረሻ በሁለቱም በኩል ስንት ቀን እንዳለፈ ይጻፍ። ከሥሩ ሕጎቹ ይመዝገቡ፦ እዚያ የቀረበ ምግብ አይቀመስም፣ እውነተኛ ስም አይሰጥም፣ ብረት ፌሪዎችን ያቃጥላቸዋል። አራስ አጠገቧ ብረት ስታኖር ያየ ልጅ የመጨረሻውን ለመረዳት አይቸገርም።

መጽሐፉ 324 ገጽ ነው፤ በሳምንት 54 ገጽ፣ በስድስት ሳምንት ያልቃል። አንዱን ቅጂ ሁለት ተማሪዎች ስለሚጋሩት እያንዳንዱ ልጅ በሳምንት ሦስት ምሽት፣ በምሽት 18 ገጽ ያነባል። አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከዚያ አምስት ደቂቃ በአማርኛ ይተርክላችሁ። እንግሊዝኛ ማወቅ አይጠበቅባችሁም፤ «ከዚያስ?» ማለት ይበቃል። ከኢንተርኔት የተገለበጠ ማጠቃለያ የቀናቱን ቁጥር ስለማይዝ ከደብተሩ ወዲያው ይታወቃል።

በይዘቱ በኩል የምትፈልጉትን በግልጽ እንንገራችሁ፦ አንድ የደም መሐላ፣ አንድ የጦርነት ምዕራፍና አንድ መሳሳም አለበት። ድገምት ወይም ተማሪ እንዲሞክረው የቀረበ ነገር የለበትም። ይህም ሆኖ በእምነታችሁ ምክንያት ልጃችሁ እንዲያነበው የማትፈልጉ ከሆነ እስከ ዓርብ በጽሑፍ አሳውቁን፤ ተመሳሳይ ርዝመት ያለው ሌላ ልብ ወለድ ይሰጠዋል፣ ፈተናውም በዚያው ላይ ይሆናል፣ ነጥብ አይቀነስበትም።

ቅጂው በተባለው ቀን ካልተመለሰ የሚጎዳው ተራውን የሚጠብቀው ተማሪ ነውና ረቡዕ ማታ ቦርሳው ውስጥ መግባቱን እዩልን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር